የቤት ቁጥር የሌለው ሰው የት ይመዝገብ?

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች፣ በየወረዳው መስኮት ለምትቀመጡ ሠራተኞችና ለከተማዋ ነዋሪዎች፤

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ነፋስ እሞላለሁ። ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ይህን የጻፍኩት ባለፈው ሐምሌ ሱቄ በር ላይ በደረሰ ነገር ምክንያት ነው።

አንድ ሚኒባስ ላይ እየሠራን ሳለ ክሪኩ ሸተት አለና አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ሁለት ጣቶች ቀጠቀጣቸው። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ለምኜ፣ አቅራቢያችን ወዳለ ጤና ተቋም ይዤው ሮጥኩ። ካርድ ክፍል ደረስን። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል መጠየቅ ጀመረች። ስም? ተናገረ። ዕድሜ? ተናገረ። ወረዳ? የቤት ቁጥር? ልጁ ደሙ በጨርቁ እየሰረገ ዞር ብሎ አየኝ።

የቤት ቁጥር የለውም። የሚያድረው አውቶቡስ ተራ አካባቢ፣ አንድ መጋዘን በረንዳ ላይ ነው። የራሴን ቁጥር ሰጠሁለትና ታከመ። በልጅቷ አልፈርድም፤ ፎርሙ የሚለውን ነው የጠየቀችው። ግን የልጁ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እኔም በሱ ዕድሜ ሰውን እንዲያ ነበር የማየው።

አዲስ አበባ የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ነው። ከወሎ፣ እህል የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተኝቼ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከእንጀራ አባቴ ጋር አልተስማማንም፤ ዝርዝሩን ልተወው። መኪናው እህል በረንዳ አራገፈኝ። ስሙን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በረንዳ ያለው ሰፈር መኝታ አያጣም ብዬ። አላጣሁም። አራት ዓመት በረንዳ ላይ አደርኩ።

ስለ በረንዳ አዳሪ ብዙ ይወራል። አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ነገር፣ በረንዳ ነፃ አይደለም። ለዘበኛው ይከፈላል። የማይከፍል ሌሊት በውሃ ይባረራል። ጫማህን ከራስህ ሥር ታደርጋለህ፣ ካልሆነ ጠዋት ባዶ እግርህን ነህ። ያገኘኸውን ሳንቲም ኪስህ ውስጥ አታሳድርም፤ ባለሱቅ ጋ ታስቀምጣለህ። ደግ ባለሱቅ ከገጠመህ ወር ሲሞላ ቆጥሮ ይሰጥሃል። ያልገጠመህ እንደሆነ «የምን ገንዘብ?» ትባላለህ፤ ለማን ትከሳለህ?

ሁለተኛ፣ አብዛኛው ይሠራል። ይሸከማል፣ መኪና ያጥባል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ሃይላንድ ለቅሞ ለቁራሌው ያስረክባል። ሆቴል ቤት የተረፈውን ቡሌ እንኳ የሚያገኘው ቆሻሻ ደፍቶ፣ ወለል ጠርጎ ነው። ሕጉ ግን ሌላ ስም ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ ይባላል። ማታ ማታ ጀርባችን በጆንያ ተልጦ ስንተኛ፣ ለካ እኛ ቦዘኔ ነበርን።

ማስቲሽ ነገርም አለ። ሰው ሱሰኛ ናቸው ይላል። ሱሱ ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ብርድ ነው። ይህ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠ ነው፤ የሐምሌን ዝናብ፣ የኅዳርን ውርጭ ካርቶን አይመክተውም። ማስቲሹ ብርዱንም ረሃቡንም ያስረሳል። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አልወደድኩትም፣ ዕድለኛ ነኝ።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲደረግ አንድ መዝጋቢ መጥቶ ስሜን ጻፈ። መንግሥት ስሜን ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጓደኞቼ «አሁን ቤት ሊሰጡን ነው» ብለው ሲስቁ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ሀገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ ዛሬ በዚያው በረንዳ የሚያድሩትን ልጆች ስም የጠየቀ የለም ማለት ነው።

ከጎዳና ያወጣኝ መታወቂያ ነው። አዎ፣ የቀበሌ መታወቂያ። ጉልት የሚሸጡ አንድ እናት ነበሩ፤ እማማ ነው የምንላቸው። ሽንኩርትና ቃሪያ ከአትክልት ተራ ተሸክሜ አመጣላቸው ነበር። በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እጄን ይዘው ቀበሌ ወሰዱኝና «የእህቴ ልጅ ነው፣ እኔው ቤት ነው ያለ» አሉ። ውሸት ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ ከልጆቻቸው ጋር ተጣበው ነው የሚያድሩባት። በፍልሰታ ጾም ዋሸሁ ብለው ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ። ንስሐ አባታቸውም ስግደት ሰጧቸው፣ ሰገዱ። እኔ ያቺን ስግደት እስከ ዛሬ ከፍዬ አልጨረስኩም።

ወረቀቷን ከያዝኩ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ጋራዥ ተያዥ አምጣ ሲለኝ እማማ ፈረሙ፣ ተቀጠርኩ። የባንክ ደብተር አወጣሁ፤ ከባለሱቁ ተላቀቅኩ። ሲም ካርድ በስሜ ገዛሁ። ደሞዝ እንዳለኝ ሲታወቅ ቤት አከራዩኝ። ኋላም በማኅበር ተደራጅተን ብድር ወሰድን፣ ክሪክና ኮምፕሬሰር ገዛን። ቤቱ፣ ሥራው፣ ትዳሩ ሁሉ የመጣው ወረቀቷን ተከትሎ ነው። ብዙ ሰው ተራው የተገላቢጦሽ ይመስለዋል። መጀመሪያ ሰውዬው ይስተካከል፣ ይሥራ፣ ቤት ይከራይ፣ ከዚያ መታወቂያ ይወስዳል ይላል። ካለ መታወቂያ ማን ቀጥሮት? ማን አከራይቶት?

የቤት ቁጥር ታሪክ ረጅም ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌዎች መጡ። ከዚያ ስኳሩም፣ ጨውም፣ ሳሙናውም በቤት ቁጥር ሆነ። ደርግ ሄደ፣ የቤት ቁጥር አልሄደም። ዛሬም የሸማቾች ዘይት የሚደርስህ ነዋሪ ከሆንክ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ለማይችል ደሃ መንግሥት ይከፍልለታል፤ በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ግን ደሃ መሆንህን የሚመሰክርልህ የምትኖርበት ወረዳ ነው። የትም የማይኖር ሰው ደሃ ለመባልም አልበቃም።

ኮንዶሚኒየሙንም ላንሳ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት 10/90 የሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበ ነበር። በወር 187 ብር መቆጠብ ነበር። በቀን ሲካፈል ስድስት ብር ከምናምን። የድሮ ጓደኞቼ ለዘበኛው ብቻ በቀን ከዚህ ብዙም ያልተናነሰ ይከፍሉ ነበር። ሁለቱ መጥተው «እኛስ አንችልም?» ብለው ጠየቁኝ። ትችላላችሁ፣ መታወቂያ ብቻ ነው አልኳቸው። ተሳሳቁና ሄዱ።

አሁን ወደ አፈሳው ልምጣ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ጮክ ብሎ አያወራውም። የመሪዎች ጉባኤ ሲቃረብ፣ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ፣ አንድ ሌሊት መኪና ይመጣና በረንዳው ባዶ ይሆናል። «ጸዳ» ይባላል። ብርድ ልብሱ፣ ካርቶኑ፣ የሊስትሮ ሣጥኑ አብሮ ይጫናል ወይም ይቃጠላል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ልጆቹ ከስተው ይመለሳሉ፤ አንዳንዱ በእግሩ። ባለሥልጣኖቻችን «ሥልጠና ሰጥተናቸው ለምን ይመለሳሉ?» ብለው ሲገረሙ እሰማለሁ። እኔ ልመልስ። የሚመለሱት ደንበኛቸው እዚህ ስለሆነ ነው። ጓደኛቸው እዚህ ስለሆነ ነው። ሦስት ወር ያጠራቀሙት ገንዘብ ያለው እዚሁ፣ ባለሱቁ ጋ ስለሆነ ነው! እናንተ ብትሆኑ አትመለሱም?

የተሠራውን ሥራ መካድ አልፈልግም። ተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት ምሳ ያበላሉ፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ ሰልፉ ሥነ ሥርዓት አለው፣ ሰውም በክብር ነው የሚስተናገደው። ለሴቶች የተሠራው «ለነገዋ» የሚባለው የተሐድሶ ማዕከል መልካም ነው። የከተማ ሴፍቲኔቱ ለጎዳና ሰዎች የተለየ ክፍል እንዲኖረው መደረጉም ትክክል ነው። መቄዶንያንማ ማን ያልሰማ አለ? ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በራሱ ቤት ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ የጀመረው፣ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ተጠልለውበታል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላሉ። እኔ ግን መቄዶንያ ለማይገባው ነው የምጽፈው። ሃያ ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ይሸከማል፣ ማደሪያ የለውም። ለሱ ማዕከል አያስፈልገውም። አድራሻ ነው የሚያስፈልገው።

ፊንላንድ የምትባል ብርዳም ሀገር አለች። እዚያ በፈረንጆቹ 2008 አካባቢ አንድ ነገር ገለበጡ። ቀድሞ ሰውዬው መጠጥ ሲተው፣ ሥራ ሲይዝ ነበር ቤት የሚያገኘው። እነሱ መጀመሪያ ቤቱን ሰጡት፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ አደረጉት። ጎዳና አዳሪው በጣም ቀነሰ። እኛ ቤት የለንም፤ አውቃለሁ። የተመዘገበውም ገና ተራውን እየጠበቀ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ መኖሪያ ቤትን የሚያነሳው የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ነው። እሺ፣ ቤት አቅም ይጠይቃል። ወረቀት ምን አቅም ይጠይቃል?

የምጠይቀው ይህን ነው። በየወረዳው ለጎዳና አዳሪዎች ምዝገባ ይከፈት። የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አድራሻ ይግባ። ሰውዬው ደብዳቤ ቢመጣለት እዚያ ይፈለጋል፣ ቢታመም እዚያ ይጠየቃል፣ ቢያጠፋም እዚያ ይያዛል። መሸኛ አምጣ አትበሉት። በአሥራ አራት ዓመቱ ከቤት የጠፋ ልጅ ከየትኛው ቀበሌ መሸኛ ያመጣል? ለዚህ መንገዱ አለ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ተመዝግቦ ፋይዳ እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ችግሩ ፋይዳ ማንነትህን እንጂ ነዋሪነትህን አይናገርም፤ ወረዳ ደግሞ የሚጠይቅህ ነዋሪነትህን ነው። ሁለቱን አገናኙልን።

ምስክር ማን ይሁን ትሉኝ ይሆናል። ዕድር አለ አይደል? በዚህ ከተማ ዕድር የሌለው ሰፈር የለም። በረንዳ አዳሪውን ከፖሊስም ከወረዳም በላይ የሚያውቁት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ድንኳን ሲተከል ወንበር የሚሸከመው ማን ሆነና! ሦስት የዕድር አባላት «ይህን ልጅ ሁለት ዓመት እናውቀዋለን፣ እዚህ ነው የሚያድረው» ብለው ቢፈርሙ በቂ መሆን አለበት። እማማ ብቻቸውን በውሸት ያደረጉትን ዕድሩ በእውነት ያድርገው። አንድ ነገር ደግሞ አለ። በረንዳ አዳሪ ሲሞት ማዘጋጃ ቤት ነው የሚቀብረው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስም። እኔ ያደርኩበት በረንዳ ላይ አንድ ልጅ በጥቅምት ብርድ ሞቶ ሲወስዱት፣ ሦስታችን መኪናውን እስከ መንገዱ ጫፍ ተከትለን ቆመን ቀረን። የት እንደተቀበረ አላውቅም። የአባቱን ስም የጻፈው አልነበረም።

ስጋቱ ይገባኛል። መታወቂያ በዚህ ከተማ ብዙ ነገር ነው፤ ፖለቲካም አለበት፣ ሌብነትም አለበት። «በር ብንከፍት ሀገሩ ሁሉ ይመጣል» የሚል አለ። ማንም ሰው ለመታወቂያ ብሎ አዲስ አበባ አይመጣም። ለእንጀራ ነው የሚመጣው፤ መጥቷልም። በደላላ የሚገዛ መታወቂያ እንዳለ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ። ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው በረንዳ ላይ ይቀራል። ከዚህ የባሰ አሠራር ምን አለ?

ሌላው ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሰው ቀን ሥራ ሊሄድ ሲል ብርድ ልብሱን የት ያድርገው? ተሸክሞ ሥራ ቢጠይቅ በረንዳ አዳሪ መሆኑ ይታወቃል፣ አይቀጠርም። ጥሎት ቢሄድ ይወሰዳል። በኮሪደሩ ዳር አዳዲስ መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ጥሩ ናቸው። በመርካቶና በአውቶቡስ ተራ ከነሱ ጎን በቁልፍ የሚዘጋ ሣጥንና ገላ መታጠቢያ ይጨመር። በነፃ አይሁን፤ አሥር ብር እንክፈል። ለአንድ ሌሊት በትንሽ ገንዘብ የሚታደርበት አልጋም ያስፈልጋል። አሁንም አለ፤ ግን አንድ ክፍል ውስጥ እንደ በርበሬ ተደርድሮ ነው፣ መስኮት የለውም። ንግድ ፈቃድ ሰጥታችሁ ብትቆጣጠሩት ሰውም ይተነፍሳል፣ ግብርም ታገኛላችሁ።

አሁን አሁን ጎዳና ላይ የማየው ሰው የኔ ዘመን ልጅ ብቻ አይደለም። ልጅ ያዘለች እናት አለች፤ ከዓረብ ሀገር አእምሮዋ ታውኮ የተመለሰች እህት አለች፤ ከጦርነት የሸሸ ገበሬ አለ። እዚሁ ከተማ ተወልዶ ያደገም አለ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲነሱ ቀበሌ ቤት በስሙ የያዘው ምትክ አገኘ። እዚያው ቤት ቆጥ ላይ ወይም ማድ ቤት ውስጥ ተከራይቶ የኖረው ደባል ግን ፋይሉ ውስጥ ስሙ የለም። ወደፊት ሰፈር ስታነሡ ደባሉንም ቁጠሩት። የኪራዩ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግ ሕግ ነው፤ ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ነገር ግን ደባልና ቆጥ ተከራይ ውል የለውም፣ አከራዩም አያስመዘግበውም። «በሚቀጥለው ሳምንት ልቀቅ» ሲባል ይለቃል። ከዚያ ሻንጣውን ይዞ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ዘመድ ቤት፣ ከዚያ ጓደኛ ቤት፣ ከዚያ እኛ ጋ።

ስለ አእምሮ ሕሙማን ብዙ የምለው የለኝም፤ የባለሙያ ነገር ነው። ግን በ2006 ዓ.ም. በወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ጎዳና ያሉ 217 ሰዎችን የመረመሩ ባለሙያዎች ከመቶ 41ዱ ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አግኝተዋል። እነዚህን ሰዎች ፖሊስ ሊያነሳቸው አይገባም፤ ነርስ ናት የምታስፈልጋቸው። አማኑኤል ሆስፒታል ብቻውን አይችለውም። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ይኑር፣ ሰውዬው ባለበት በረንዳ ድረስ የሚሄድ ሰው ይመደብ። ካርድ ሲያወጣ ደግሞ የቤት ቁጥር አትጠይቁት፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን።

ለእናንተ ለነዋሪዎችም አንድ ቃል። ሳንቲም መስጠታችሁን አልነቅፍም፤ ኖሬበታለሁ። ከሳንቲሙ ጋር ስሙን ብትጠይቁት ጥሩ ነው። ሱቅ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ የልጆቹን ገንዘብ ስታስቀምጡ በደብተር ጻፉላቸው፣ አስፈርሟቸው። እኔ ዛሬ የአራት ልጆች ገንዘብ ይዣለሁ፤ ደብተሩ እነሱም እንዲያዩት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባንክ መሆን አልፈለግኩም ነበር።

ጣቱ የተቀጠቀጠው ልጅ ድኗል። አንዱ ጣቱ አይታጠፍም፣ ግን ብሎን ይፈታል። መስከረም ላይ ወደ ወረዳው ይዤው ሄድኩ። መሸኛ ተባልን። የእህቴ ልጅ ነው ብዬ ልዋሽ አፌ ላይ መጣ፣ ተውኩት። በዚህ ደብዳቤ መልስ እስካገኝ ልጠብቅ ብዬ ነው። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ካልመጣ ግን እዋሻለሁ፣ ስግደቱንም እሰግዳለሁ።

ከእናንተ መሐል ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ይምጣ። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ገና አልተነሱም፣ ሹፌሮቹም ሞተር አላሞቁም። ካሜራና አጃቢ አይምጣ። እኔ ሱቄን ቀደም ብዬ እከፍታለሁ፤ ሻይ አለ፣ የምትቀመጡበት ጎማም አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ በረንዳ አዳሪ
አዲስ አበባ